ዲ ላይ ምንም የለም

እትዬ የአባቴ ታናሽ እህት ናቸው። ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንትና ላሚኔሽን የሚሠሩባት አንዲት ክፍል ሱቅ አለቻቸው። ማመልከቻ የሚያስጽፍ፣ ሲቪ የሚያሠራ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያስተይብ የሰፈር ሰው ሁሉ እዚያ ይገባል። የእኔ ሥራ ኮምፒውተር መጠገን ነው። ባለፈው ቅዳሜ “ኮምፒውተሩ ሞላሁ እያለ አላሠራ አለኝ” ብለው ደወሉልኝ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ፤ ሱቁን ከውስጥ ዘግተን ቁጭ አልን። ያወራነውን በማግሥቱ እንዳስታወስኩት ጽፌዋለሁ።

እትዬ፦ ነይ፣ እዚች ጋ ተቀመጪ። ይኸውልሽ፣ ሲ ቀይ ሆኗል። ጠዋት አንድ ልጅ የላከልኝን ፋይል ላወርድ ብል ቦታ የለም አለኝ። ልጁ ለቃለ መጠይቅ ቸኩሎ ከፊቴ ቆሟል። እኔ ምን እንደማጠፋ አላውቅ፣ ዝም ብዬ ከስክሪኑ ጋር ተፋጠጥኩ።

እኔ፦ ቀይ የሚሆነው ከአሥር እጅ ዘጠኙ ሲያዝ ነው። የእርስዎ ደግሞ ከዚያም አልፏል፤ ከ119 ጊጋ የቀረዎት 2 ጊጋ አይሞላም።

እትዬ፦ እሱንማ ልጠይቅሽ ነበር። አምና ይኼን አዲሱን ዲስክ ስትገጥሚልኝ 128 ነው አላልሽኝም? ዘጠኙ ጊጋ የት ገባ?

እኔ፦ የትም አልገባም፣ እትዬ። ፋብሪካውና ዊንዶውስ የሚሰፍሩበት ቁና ይለያያል። ፋብሪካው አንድ ጊጋ የሚለው አንድ ቢሊዮን ባይት ነው። ዊንዶውስ በ1000 ሳይሆን በ1024 እያባዛ ስለሚሄድ የእሱ ጊጋ ሰባት በመቶ ያህል ይበልጣል። በትልቁ ቁና ሲሰፈር 128ቱ 119 ሆኖ ይወጣል። አሮጌው ሃርድ ዲስክዎም 500 ተብሎ ተገዝቶ 465 የሚያሳየው ለዚህ ነው። ማንም አልወሰደብዎትም።

እትዬ፦ እኔ እኮ ያንን ሻጭ በልቤ ስወቅሰው ከረምኩ። ይሁን። በይ አሁን ፕሮግራሞቹን በሙሉ ወደ ዲ ውሰጂልኝ። ዲ እንደሆነ ባዶውን ተቀምጧል፤ ሲም ይተንፍስ፣ እኔም ልተንፍስ።

እኔ፦ ሲ የሞላበት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው። እኔ ግን ፕሮግራሞቹን አልነካቸውም። የሚሄደው ሌላ ነው።

እትዬ፦ ከባዱ ፕሮግራሙ አይደለም እንዴ?

እኔ፦ አብረን እንየው። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ከዚያ ስቶሬጅ። ይኸው ይዘረዝረዋል። ዊንዶውሱ ከነራሱ ጓዝ 30 ጊጋ ይዟል። ፕሮግራሞችዎ፣ ኦፊሱም ፎቶሾፑም ፓወር ግዕዙም ተደምረው 17 ናቸው። ዴስክቶፕዎ 22። አሁን ዳውንሎዱን ይዩት።

እትዬ፦ 44?

እኔ፦ 44። ከዚህ ውስጥ 31ዱ ቴሌግራም ያወረደው ነው። ደንበኛው ፋይሉን በቴሌግራም ይልክልዎታል፣ ጫን ሲያደርጉት ይወርድና ዳውንሎድ ውስጥ “ቴሌግራም ዴስክቶፕ” የሚባል ፎልደር ውስጥ ይገባል። እርስዎ ፕሪንት አድርገው ይሰጡታል፣ ሰውየው ይሄዳል፣ ፋይሉ ይቀራል። ይዩት ይኼን፤ “ሲቪ የመጨረሻ”፣ “ሲቪ የመጨረሻ አዲሱ”፣ “ሲቪ የእውነት የመጨረሻ”። ይህ ፎርም ደግሞ ዘጠኝ ጊዜ ወርዷል። የመጀመሪያው ቁጥር የለውም፣ ከዚያ በቅንፍ አንድ፣ በቅንፍ ሁለት እያለ ስምንት ድረስ ሄዷል።

እትዬ፦ ፎርሙን ሰው በጠየቀኝ ቁጥር አወርደዋለሁ። የት እንደገባ መፈለጉ ከማውረዱ ይብስብኛል፣ የኔ ልጅ።

እኔ፦ ለዘጠኝ ጊዜ ዳታ ከፍለዋላ። የቦታው መሙላት ምልክቱ ነው እንጂ ሕመሙ ይኼ አሁን ያሉት ይመስለኛል፤ የወረደው ነገር የት እንደሚያርፍ አለማወቅ።

እትዬ፦ ታዲያ ማን ነው ሲ ላይ እንዲያርፍ ያዘዘው? እኔ አላዘዝኩም። ደግሞ ሲ ካለ ኤ እና ቢ የት አሉ? ሁልጊዜ ይገርመኛል።

እኔ፦ ፍሎፒ ያስታውሳሉ?

እትዬ፦ እንዴት አላስታውስም! በፍሎፒ እኮ ነው የተማርኩት። አንዱ ሲበላሽ ከነደብዳቤው ይሄድ ነበር።

እኔ፦ ኤ እና ቢ የፍሎፒ ስሞች ነበሩ። በፈረንጆቹ በ1981 የወጣው የመጀመሪያው አይቢኤም ፒሲ ሃርድ ዲስክ አልነበረውም፤ አንድ ወይም ሁለት የፍሎፒ ማስገቢያ ብቻ። በ1983 ኤክስቲ የተባለው ሲመጣ 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ ይዞ መጣ። ኤ እና ቢ ተይዘው ስለነበር ቀጣዩን ፊደል፣ ሲን ወሰደ። ፍሎፒው ጠፋ፣ ፊደሉ ቀረ። ያ 10 ሜጋ ዛሬ ሁለት ሦስት የስልክ ፎቶ ነው። ዊንዶውስ ዛሬም ሲገጠም ራሱን ሲ ላይ ያደርጋል፣ የእርስዎን ዶክመንት፣ ዴስክቶፕ፣ ዳውንሎድ ሁሉ እዚያው አጠገቡ ያስቀምጣል። ያዘዘው እሱ ነው፤ ሌላ ቦታ ካልመረጡለት።

እትዬ፦ እሺ፣ እንግዲህ ፕሮግራሙን ለምን አታነሺውም? አንድ ልጅ ከዚህ በፊት አንዱን ፕሮግራም ከት አድርጎ ዲ ላይ ፔስት አድርጎልኝ ነበር።

እኔ፦ ከዚያስ ሠራ?

እትዬ፦ ከዚያ በኋላ አልከፈት አለ። ቫይረስ ነው ብሎኝ ሄደ።

እኔ፦ ቫይረስ አልነበረም። ፕሮግራም እንደ ወንበር አንስተው ሌላ ክፍል የሚያደርጉት ዕቃ አይደለም። ሰፈር እንደገባ አባወራ ይቁጠሩት። ቤቱ አንድ ቦታ ነው፤ ነገር ግን ስሙ ቀበሌ ተመዝግቧል፣ ዕድር ገብቷል፣ የውኃና የመብራት ደረሰኝ በአድራሻው ይመጣል። ፕሮግራምም ኢንስታል ሲሆን ዋናው አካሉ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ይገባል፤ ቁርጥራጩ ደግሞ ዊንዶውስ ውስጥም፣ በእርስዎ ስም በተከፈተው ፎልደር ውስጥም ይበተናል። አድራሻው ሪጅስትሪ በሚባለው መዝገብ ላይ ይጻፋል፤ ዴስክቶፕ ላይ የሚያዩት ሾርትከትም ያንኑ አድራሻ የሚያሳይ ምልክት ነው። ልጁ አባወራውን ሌሊት አንስቶ ሌላ ሰፈር ወሰደው፣ መዝገቡ ግን አልተነካም። ጠዋት ሲጠሩት በአሮጌው ቤት የለም።

እትዬ፦ ምስኪን። እኔ እኮ ፕሮግራሙ አርጅቶ ነው ብዬ ነበር።

እኔ፦ ማዛወር ከፈለጉ አጥፍቶ እንደገና ኢንስታል ማድረግ ነው፤ ያኔ የት ልግባ ብሎ ሲጠይቅ ዲን መምረጥ። ብዙዎቹ ይጠይቃሉ። እኛ ነን “ኔክስት፣ ኔክስት፣ ኔክስት” እያልን የምናልፈው። ከስታም የሚል ወይም ብራውዝ የሚል በተን ካለ እዚያ ጋ ነው ጥያቄው። ኦፊስ 2013 እና ከእሱ ወዲህ የሚወጡት ግን በብዛት አይጠይቁም፤ ሲ ላይ ይገባሉ፣ አለቀ።

እትዬ፦ አንድ ጊዜ አስተካክለሽ ከዚያ በኋላ ሁሉም ራሱ ዲ ላይ እንዲሄድ ማድረግ አይቻልም?

እኔ፦ ሴቲንጉ አለ፤ ስቶሬጅ ውስጥ “አዲስ ነገር የት ይቀመጥ” የሚል ዝርዝር ያገኛሉ። ዶክመንት፣ ሙዚቃ፣ ፎቶና ቪዲዮ፣ አፕም አለበት። ሰው ይኼን ይቀይርና ነገ ከድረ ገጽ ያወረደውን ፕሮግራም ኢንስታል ያደርጋል፤ አሁንም ሲ ላይ ይገባል። ምክንያቱም እዚያ የተባለው አፕ ከማይክሮሶፍት ስቶር የሚወርደው ብቻ ነው። ዳውንሎድ ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ የለም። ሌላም መንገድ የሚያሳዩ አሉ፤ ሪጅስትሪ ገብተው የፕሮግራም ፋይልስን አድራሻ ራሱን ወደ ዲ የሚቀይሩ። ማይክሮሶፍት ራሱ ይህን አልደግፍም ብሎ ጽፏል። እኔም የሰው ኮምፒውተር ላይ አላደርገውም፤ የእርስዎ ላይማ በጭራሽ።

እትዬ፦ አንቺ ካልሽ ይቅር።

እኔ፦ ደግሞ ሌላ ነገር ልንገርዎት። አምና ይኼን አዲሱን ዲስክ፣ ኤስኤስዲውን፣ ለምን ገጠምንልዎት?

እትዬ፦ አሮጌው እየተንቀራፈፈ ነዋ። ዎርድ ከፍቼ ቡና አጣጥቤ ስመለስ ነበር የሚከፈተው።

እኔ፦ ያ የሚንቀራፈፈው አሮጌ ሃርድ ዲስክ ዛሬ ዲ ሆኖ ነው የተቀመጠው። ፕሮግራሞቹን ወደዚያ ብወስዳቸው ያንኑ መንቀራፈፍ መልሼ አመጣብዎታለሁ። ፍጥነቱ የሚያስፈልገው ፕሮግራሙ ነው። የአምና ማመልከቻ ግን ፍጥነት አይጠይቅም። ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉም ይበልጣል። ፕሮግራም ቢጠፋ ይመለሳል። ኦፊስ ቢጠፋ ከእኔ ፍላሽ ላይ በግማሽ ሰዓት እጭንልዎታለሁ። ሲን ፎርማት ያደረገ ሰው ዲ ላይ የተጫነ ፕሮግራም ቢኖረውም ብዙውን ጊዜ አይከፈትለትም፤ መዝገቡ ከሲ ጋር ስለጠፋ እንደገና መጫኑ አይቀርለትም። ፕሮግራም ዲ ላይ በመሆኑ ያተረፈው ቦታ ብቻ ነው። የሰው ጽሑፍ ዲ ላይ ቢሆን ግን ይተርፋል።

እትዬ፦ …

እኔ፦ ምነው፣ እትዬ?

እትዬ፦ ያቺን ልጅ አስታወስሽኝ። ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ። በ2009 ነው። የመመረቂያ ጽሑፏን እዚህ ነበር የምታስተይበኝ፤ 90 ገጽ ይሆናል። በዚያ ሳምንት ኮምፒውተሩ አልነሳ አለኝና ተሸክሜ ለጥገና ወሰድኩት። የሚሠራው ልጅ ጨዋ ነው፣ ሳያስፈቅድ አልነካም። “እናቴ፣ ፎርማት ላደርገው ነው፤ ዲ ላይ ያስቀመጡት ነገር አለ?” አለኝ። “ዲ ላይ ምንም የለም” አልኩት።

እኔ፦ እውነትዎን ነው የነገሩት።

እትዬ፦ እውነቴን ነው። ዲ ላይ ምንም አልነበረም። እሱ ደግሞ ምንም የለም ስለው ምንም የሚፈለግ ነገር የለም ያልኩት መሰለው። ማታ ኮምፒውተሩን አምጥቼ ስከፍተው ዴስክቶፑ ላይ ያ ባዶ ሰማያዊ ብቻ። ጽሑፏ ዴስክቶፕ ላይ ነበራ። እኔ ዴስክቶፕ ማለት ስክሪኑ ነው ብዬ ነው የማውቀው። ስክሪኑን ደግሞ ማንም ፎርማት አላደረገውም።

እኔ፦ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚመስለው። ዓይን የሚያየው ስክሪኑን ነዋ። ዴስክቶፕ ግን እንደማንኛውም ፎልደር ፎልደር ነው፤ ሲ ውስጥ፣ ዩዘርስ ውስጥ፣ በእርስዎ ስም ውስጥ ይቀመጣል። ዳውንሎድም ዶክመንትም ጎረቤቶቹ ናቸው። ሲ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ። ያ ልጅ “ዲ ላይ ምን አለ” ብሎ መጠየቅ አልነበረበትም፤ “ዴስክቶፕዎ ላይ ምን አለ፣ ዳውንሎድ ውስጥ ምን አለ” ብሎ ከፍቶ ማሳየት ነበረበት። ካልነሳ ደግሞ ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ማየት። እኔ ዛሬም ሥራ ለሚጀምሩ ልጆች ከሁሉ በፊት የምነግራቸው ይህን ነው። ልጅቷ ምን አለች?

እትዬ፦ ምንም አላለችም፤ እሱ ነው የጎዳኝ። መምህሯ በእስክሪብቶ ያረመላት አሮጌ ቅጂ ነበራት፤ አመጣችው። ሦስት ሌሊት ቁጭ ብዬ መልሼ ጻፍኩት። እሷ እያነበበች፣ እኔ እየተየብኩ። ብር አልተቀበልኳትም። ከዚያ ቅጂ በኋላ የጨመረችው ግን አልተገኘም፤ ከራሷ እያወጣች ጻፈችው፣ “መጀመሪያ የጻፍኩት ይሻል ነበር” እያለች።

እኔ፦ እንግዲያው ዛሬ ከዳውንሎዱም ከዴስክቶፑም እንጀምራለን። መጀመሪያ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ኤክስተርናል ልሰካና የሁሉንም ኮፒ ልያዝ።

እትዬ፦ ከሲ ወደ ዲ ለማሻገር ኤክስተርናል ምን ይሠራል?

እኔ፦ መብራት። ዊንዶውስ ፋይልን ከአንዱ ዲስክ ወደ ሌላው ሲያዛውር አንዱን ይገለብጣል፣ ከዚያ ከጥንቱ ቦታ ያጠፋል፣ ቀጥሎ ሌላውን። መሐል ላይ መብራት ቢሄድ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ይሆናል፤ በሽግግር ላይ የነበረው ፋይል ደግሞ የተቆረሰ ሊሆን ይችላል። ኮፒ ካለን ግን ምንም ቢመጣ አንደነግጥም። ይኸው ጀመረ። እስከዚያው ዲ ውስጥ ሁለት አዲስ ፎልደር እንክፈት፤ አንዱን “ዳውንሎድ”፣ ሌላውን “ዴስክቶፕ” እንበላቸው።

እትዬ፦ ለምን ፎልደር ያስፈልገዋል? ዲ ሙሉው ባዶ አይደል?

እኔ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህች ጋ ነው። ፎልደር ሳይከፍት ዲን ራሱን ከመረጠ፣ ዲ በሙሉ ዳውንሎድ ይሆናል። ዲ ላይ ያለው ሁሉ የዳውንሎድ ዕቃ ተብሎ ይቆጠራል። ዴስክቶፑንም ዲ ላይ ካደረገ ሁለቱ ይደባለቃሉ፤ መልሶ መለየቱ ጣጣው ብዙ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ክፍል ይኑረው። አሁን ኮፒው አልቋል፤ ማውሱን እርስዎ ይያዙት።

እትዬ፦ እኔ?

እኔ፦ እርስዎ። ዳውንሎድስ ላይ ራይት ክሊክ። ከታች ፕሮፐርቲስ። ላይ ካሉት ስሞች ሎኬሽን የሚለውን። አሁን ያለበትን አድራሻ አዩት?

እትዬ፦ ሲ፣ ዩዘርስ፣ ከዚያ የኔ ስም፣ ዳውንሎድስ። ለካ ሁልጊዜም ተጽፎ ነበር!

እኔ፦ ሙቭ የሚለውን ይጫኑ። ዲ ውስጥ ይግቡ፤ አሁን የከፈትናትን ፎልደር ይምረጡ። ኦኬ። አሁን አንድ ጥያቄ ይጠይቅዎታል፤ ቀስ ብለው ያንብቡት።

እትዬ፦ በአሮጌው ቦታ ያሉትን ፋይሎች በሙሉ ወደ አዲሱ ላዛውር ወይ ነው የሚለው። ኖ ብለውስ? አሮጌው እዚያው ይቀመጥ፣ አዲሱ ብቻ ዲ ላይ ይግባ።

እኔ፦ ቦታውን አያስለቅቅልዎትም፤ ያ አንድ ነገር ነው። ሌላም አለ፤ በማይክሮሶፍት የደረሰውን ልንገርዎት። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2 ቀን 2018 ዊንዶውስ 10 ትልቅ አፕዴት ወጣለት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኩባንያው አፕዴቱን አስቆመው፤ የአንዳንድ ሰዎች ዶክመንትና ፎቶ እየጠፋ ነበር። ምክንያቱ ሲጣራ እነዚህ ሰዎች እኛ አሁን የምናደርገውን ያደረጉ ናቸው። ፎልደራቸውን ወደ ሌላ ቦታ አዛውረዋል፤ አሮጌ ፋይሎቻቸውን ግን በጥንቱ ቦታ ትተዋል። ዊንዶውስ በሁለት ቦታ አንድ ዓይነት ፎልደር ሲያይ የጥንቱ ትርፍ ነው ብሎ አጠፋው፣ ውስጡ ያለውን ሳያይ። የተጎዱት ቁጥራቸው ጥቂት ነው ተባለ። ነገር ግን ፎቶው የጠፋበት ሰው ከመቶ ስንተኛው ነኝ ብሎ አይጽናናም። አርመው መልሰው ያወጡት ኖቬምበር 13 ነው። ያ ስህተት ታርሟል፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ግማሽ ቤት እዚህ፣ ግማሽ ቤት እዚያ አልተውም።

እትዬ፦ የስ አልኩት።

እኔ፦ በጣም ጥሩ። ይኼ ሲያልቅ ዴስክቶፑንም እንደዚሁ፤ ያው ራይት ክሊክ፣ ያው ሎኬሽን። እስኪያልቅ ሌሎቹን እንይ። ክሮም ላይ ሦስቷን ነጥብ፣ ሴቲንግስ፣ ዳውንሎድስ። የሚጽፍበትን አድራሻ እናረጋግጥ፤ ዲ ካልሆነ ቼንጅ ብለን እናስተካክለዋለን። ከሥሩ ያለውን ደግሞ ይዩት፤ ከማውረዱ በፊት የት ላስቀምጥ ብሎ እንዲጠይቅ ማድረጊያ ነው። እኔ ለእርስዎ ብከፍተው ደስ ይለኛል።

እትዬ፦ ሁልጊዜ ይጠይቀኛል ማለት ነው? ደንበኛ ቆሞ?

እኔ፦ ሁለት ሰከንድ ነው። ያ ፎርም ዘጠኝ ጊዜ ባልወረደ ነበር፤ ሊያስቀምጡት ሲሉ ፎልደሩ ውስጥ እንዳለ ያዩታል።

እትዬ፦ ክፈችው።

እኔ፦ ቴሌግራም የራሱ ነው፤ ክሮምን አይሰማም። ሦስቷን መስመር፣ ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ፣ ዳውንሎድ ፓዝ። ሦስት ምርጫ ይሰጣል። ቴምፕ የሚለውን እንዳይነኩት፤ ከአካውንቱ ሲወጡ ወይም ቴሌግራሙን አንኢንስታል ሲያደርጉት አብሮ ይጸዳል። ከስታም ብለን ዲ ውስጥ “ደንበኛ” የሚል ፎልደር እንስጠው። አሁን እስቲ ከስልክዎ አንድ ፎቶ ይላኩ።

እትዬ፦ ላክሁ። … ገባ። ዲ፣ ደንበኛ። ይኸው፣ የሱቁ በር ፎቶ!

እኔ፦ አሁን የሚከብደው መጣ። በዚህ 31 ጊጋ ውስጥ ያለው የማን ነው?

እትዬ፦ የሰው ነው። መታወቂያ አለ፣ ፓስፖርት አለ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የሐኪም ማስረጃ። አንዳንዱ በደጄ ካለፈ ስንት ዓመቱ።

እኔ፦ እሱን ሁሉ ዲ ላይ ማኖር ልክ አይመስለኝም። ቦታው በቂ ነው፤ ቦታ አይደለም የሚያሳስበኝ። ኮምፒውተሩ ቢሰረቅ ወይም አንድ ሰው ቫይረስ ያለው ፍላሽ ቢሰካ፣ የሰፈሩ ሰው ፓስፖርት ሁሉ እዚህ አለ። ሰው መታወቂያውን የላከልዎት ፕሪንት እንዲያደርጉለት እንጂ እንዲያኖሩለት አይደለም።

እትዬ፦ አንዳንዱ ግን ተመልሶ ይመጣል። “እትዬ፣ ያቺን ሲቪዬን” ይለኛል። የለኝም ስለው ፊቱ ይጠቁራል። ለእሱ እኔ ዘንድ ያለው ቅጂ ብቻ ነው ያለው።

እኔ፦ እሱም እውነት ነው። እንግዲያው እንክፈለው። እርስዎ የጻፉት፣ ሲቪው፣ ማመልከቻው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ በየስሙ ፎልደር ይቀመጥ፤ የእጅዎ ሥራ ነው። ለፕሪንት ብቻ የመጣው መታወቂያና ፓስፖርት በወር አንዴ ይጥፋ። ለደንበኛውም ግድግዳው ላይ ይለጥፉለት፤ ከወር በላይ አናስቀምጥም ብለው።

እትዬ፦ እሱስ ደስ ይለኛል። የሰው አደራ መብዛቱ ራሱ እንቅልፍ ይነሳል። ግን ንገሪኝ፤ ከእንግዲህ ሁሉም ዲ ላይ ስለሆነ አልሰጋም ማለት ነው?

እኔ፦ ከፎርማት አይሰጉም። ከዲስኩ መሞት ግን ይሰጋሉ። በእርስዎ ኮምፒውተር ሲና ዲ ሁለት የተለያዩ ዲስኮች ናቸው። ስታርት ላይ ራይት ክሊክ ብለው ዲስክ ማኔጅመንትን ቢከፍቱ ዲስክ 0 እና ዲስክ 1 ብሎ ለየብቻ ያሳይዎታል። ብዙ ሰው ላፕቶፕ ላይ ግን ዲስኩ አንድ ነው፤ ሲና ዲ መሐሉ በኮምፖርሳቶ እንደተከፈለ አንድ ቤት ናቸው። አንዱን ክፍል ቀለም ሲቀቡት ሌላው አይነካም፤ እሳት ሲነሳ ግን ሁለቱም ይሄዳሉ። “ዲ ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ አይጠፋም” የሚል ደንበኛ በየሳምንቱ ይመጣልኛል። ዲስኩ ሲንቋቋ አምጥቶ ሲሰጠኝ ምን እንደምለው ይቸግረኛል።

እትዬ፦ የኔ ዲስ? ሁለት ነው ካልሽኝ?

እኔ፦ ሁለት ነው፤ ግን የእርስዎ ዲ አሮጌው ነው። ስምንት ዓመት ሠርቷል። አሁን የሰውን አደራ ሁሉ በአሮጌው ትከሻ ላይ አድርገነዋል፤ ብቻውን አይችለውም። ይኼን ኤክስተርናል ትቼልዎት እሄዳለሁ። ቅዳሜ ማታ ሱቁን ሲዘጉ ይሰኩታል፣ የዲን ፎልደሮች ይገለብጣሉ፣ ነቅለው ቤት ይወስዱታል። እዚህ ተሰክቶ አይደር፤ እዚህ ካደረ ሌባውም ቫይረሱም አንድ ላይ ያገኟቸዋል።

እትዬ፦ ውድ ዕቃ ነው፣ ልጄ።

እኔ፦ የድሮዬ ነው፤ እኔ አዲስ ገዝቻለሁ። ይያዙት። … ዴስክቶፑ ቀርቷል እንጂ ዳውንሎዱ አልቋል። ሲን ይዩት።

እትዬ፦ ሰማያዊ ሆነ! 46 ጊጋ ባዶ። እንዲህ ካየሁት ቆየሁ።

እኔ፦ እትዬ፣ ዴስክቶፑ ላይ “የ2009” የሚል ፎልደር አለ። እሱም ከሌሎቹ ጋር ይሂድ?

እትዬ፦ እሱ የልጅቷ ነው። መልሰን የጻፍነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ኮምፒውተር ቀይሬ ሦስቱንም ጊዜ በፍላሽ አሻግሬዋለሁ። ተመርቃ ሄዳለች፤ አሁን መምህርት ሆናለች አሉ። ተመልሳ ትጠይቀኛለች ብዬ አይደለም።

እኔ፦ የት ላድርገው?

እትዬ፦ ዲ ላይ አድርጊው። እዚያ ኤክስተርናል ላይም። ፍላሹም አለ፣ መሳቢያው ውስጥ፤ ቆይ ላውጣልሽ። በፍላሹ ላይ ያለው ይከፈት እንደሆነ እይልኝ፤ ከከፈትኩት ብዙ ጊዜ ሆኖኛል።

እኔ፦ ይከፈታል። 94 ገጽ።

እትዬ፦ እስቲ ወደ መጨረሻው ውረጂ። አዎ፣ ይኸው፣ ምዕራፍ አምስት። ይቺ ናት ከራሷ እያወጣች የጻፈቻት።